ገሱባ የሚኖሩት አቶ ኢሳይያስ

ውድ አባባ፣

ደብዳቤ ሲጀመር ስለ ጤና ይጠየቃል። አንተን ስለ ጤናህ ብጠይቅህ ግን ምን ትለኛለህ? ስለዚህ እሱን ልለፈው። "አንተ" ማለቴንም ይቅር በለኝ። አሳድገኸኝ ቢሆን ኖሮ ምናልባት "አንቱ" እልህ ነበር፤ ሲወስዱህ ግን ፊደል ያልቆጠርኩ ልጅ ነበርኩና በአንተ ቀርተሃል።

ሐመልማል ነኝ፣ ሐሙ። አሁን በዕድሜ እበልጥሃለሁ፤ አንተ በሄድክበት ዕድሜ ቆመህ እኔ መነጽር አድርጌያለሁ፣ ጉልበቴም የሶዶን ተራራ ገና ሲያይ ይጮሃል። ያው ቤታችን ነኝ። መንገድ ዳር ያለችውን ክፍል በር አስከፍቼላት መጽሐፍ እሸጥባታለሁ። አንተ በነበርክበት ጊዜ መጽሐፍ ሰው ያሳስር ነበር አሉ። አሁን ሌላ ነው፤ አገሩ ሁሉ ጸሐፊ ሆኗል። ሚኒስትሩ ከወንበሩ በወረደ ማግስት ይጽፋል፣ ጄኔራሉ ይጽፋል፣ ጄኔራሉን ያሰረውም ይጽፋል። ስለ ፖለቲካው፣ ስለ ታሪኩ፣ ስለ ማኅበረሰቡ፣ ሁሉም ሽፋኑ ላይ "ያልተነገረ" የምትል ቃል ያስቀምጣል። ያልተነገረው ተነግሮ ተነግሮ መደርደሪያ አጥቼለታለሁ። ይሸጣል ግን፣ አልዋሽህም።

ደንበኞቼ ብታያቸው ትስቃለህ። አብዛኞቹ ጡረታ የወጡ አስተማሪዎች ናቸው፤ ቆመው ያነቡና "ጥሩ ነው፣ በሌላ ጊዜ እወስደዋለሁ" ብለው ይመልሱልኛል። ሁሉም የሚጀምሩት ከኋላ ነው። የታሪክ መጽሐፍ ከሆነ መጀመሪያ የስም ማውጫው ይታያል፤ ማን ተነሳ፣ ማን ተሰደበ፣ የእኛ ሰው አለበት ወይ፤ ከዚያ በኋላ ነው መቅድሙ። ጋሽ ደገፉ የሚባሉ የድሮ የታሪክ አስተማሪ በተለይ ማውጫውን እንደ ፈተና ወረቀት በጣታቸው እየተከተሉ ነው የሚያርሙት።

ባለፈው ጥቅምት አንድ ወፍራም መጽሐፍ መጣልኝ። በደርግ ጊዜ በደቡብ ስለታሰሩ ሰዎች ነው። ይድነቃቸው የሚባል የአዲስ አበባ ወጣት በየወረዳው ዞሮ ከእስር የተረፉ ሽማግሌዎችን አነጋግሮ ነው የጻፈው። ጋሽ ደገፉ እንደ ልማዳቸው ከኋላ ገለጡት። ጣታቸው ወረደ፣ ወረደና ቆመ።

"ሐመልማል፣ አያትሽ ማን ነበር የሚባሉት?" አሉኝ።

"ማሞ።"

"አባትሽ ደግሞ ኢሳይያስ።"

"አዎ፣ ምነው ጋሼ?"

ማውጫው የጠቆመውን ገጽ ገልጠው ባንኮኒው ላይ አስቀመጡልኝና ባርኔጣቸውን አድርገው ወጡ። ደግ ሰው ናቸው፤ ፊቴን ላለማየት ነው።

እንዲህ ይላል፦ "አቶ ኢሳይያስ ማሞ፣ የቀድሞ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጸሐፊ። ነዋሪነታቸው ገሱባ።" ነበሩ አይልም፤ ነዋሪነታቸው ይላል። አባባ፣ ገሱባ እኮ ትምህርት ቤት ሲከፈት ደብተር ልሸጥ የምሄድባት ከተማ ናት። ሻይ ጠጥቼባታለሁ፣ ዝናብ ይዞኝ ሰው ቤት ተጠልዬባታለሁ። ከስሙ በታች ምስክርነትህ ተጽፏል፤ ስለ መያዝህ፣ ስለ ክፍሏ ጥበት፣ ከዚያ ስለ ቤትህ። "ልጄ አፈር ትበላ ነበር" ይላል። "ዝናብ ካባራ በኋላ ከጓሮ። እናቷ እንዳታውቅባት አፏን በመሐረቤ እጠርግላትና፣ ምን በላሽ ስትባል ቆሎ እንድትል አስጠናኋት። ስሟ ሐመልማል ነው።"

ክው አልኩ። ይህን ከእኔና ከአንተ በቀር የሚያውቅ ሰው የለም። ለእማዬ እንኳን ነግሬያት አላውቅም፤ ቆሎ ብዬ የጀመርኩትን ቆሎ ብዬ አስቀርቼዋለሁ። አንዲት ተማሪ እስክርቢቶ ስትጠይቀኝ እርሳስ ሰጥቻት ገንዘቧንም መለስኩላት። ልጅቱ ያመመኝ መስሏት ወንበር አቀረበችልኝ።

ለምን እንደዚያ እንደሆንኩ እንዲገባህ እኛ ስለ አንተ የምናውቀውን ልንገርህ። በታሰርክ ጊዜ እማዬ ስንቅ ታመላልስ ነበር። ማየት ክልክል ነው፤ በር ላይ ሰሃኑን ትሰጣለች፣ ባዶው ታጥቦ ይመለስላታል። ታጥቦ ከተመለሰ አለህ ማለት ነው። አንድ ቀን በር ላይ "ኢሳይያስ ማሞ ተፈቷል፣ ፈርሞ ወጥቷል" አሏት። ስንቁን እንደያዘች ቁልቁል ሮጠች፤ ቀድመሃት የገባህ መስሏት። ደጁ ላይ ቆማ ጠበቀችህ። እኔም አብሬያት ቆሜ ነበር፤ ቀሚሷን ይዤ።

አልመጣህም። አባባ፣ ሞት ቢሆን ይለቀሳል። አንተ ግን በገዛ እግርህ የወጣህ ሰው ነህ። ከተማው ምን ያላለው አለ! ዲምቱ ከተማ ሌላ ሚስት አግብቶ ታየ አሉ፣ ኬንያ ገባ አሉ። ዘመዶቿ "ጥቁር ልበሺና ይውጣልሽ" ሲሏት "በሕይወት ላለ ሰው ጥቁር አልለብስም" አለች። ፍትሐት አላስፈታችልህም፣ ተዝካር አላወጣችልህም። ማርያም ማኅበር ላይ ሴቶቹ ስለ ሟች ባሎቻቸው ሲያወሩ እሷ ዝም ትላለች። እኔም አፍሬብህ ነው ያደግሁት፤ የአባትሽ ሥራ ስባል "የለም" እል ነበር።

መጽሐፉ ጀርባ ላይ ስልክ ነበር፤ ይድነቃቸው ጋ ደወልኩ። ሌላ ነገር አልነገርኩትም፣ ገሱባ ስላሉት ምስክር ብቻ ጠየቅሁት።

"አይ እትዬ! እሳቸው እኮ ከሁሉም የበለጡብኝ ምስክር ናቸው" አለኝ በደስታ። "አማርኛቸው እንዴት እንደሚያምር! ቆይ፣ የቀዳሁትን ልላክልሽ።"

በቴሌግራም ላከልኝ። እዚያው ሱቅ ውስጥ ከፈትኩት። ከሱቁ ቀጥሎ፣ ከመጋረጃው ወዲያ እማዬ ተኝታለች፤ ሐኪሞቹ ልቧ ደክሟል ብለውናል፤ ቀኑን ሙሉ ጋደም ብላ የሱቁን ወሬ ትሰማለች። እንቅልፍ የወሰዳት መስሎኝ ነበር። ከስልኩ የወጣው የሽማግሌ ድምፅ ነው፤ ሻካራ፣ ዝግ ያለ። ድምፅህን አላስታውሰውምና ምንም አልተሰማኝም። ትንሽ እንደሄደ ግን ከመጋረጃው ወዲያ እማዬ ተናገረች።

"አሁን ይስቃል።"

ሰውዬው ሳቀ።

"ከሳቀ በኋላ 'እንግዲህማ' ይላል።"

"እንግዲህማ" አለ ስልኩ።

ረፋድ ላይ ነው፣ ፀሐይ ደጁን ሞልታዋለች፣ ባጃጁ ይንጫጫል፤ እኔ ግን ብርድ ብርድ አለኝ። መጋረጃውን ስገልጠው እማዬ ቁጭ ብላለች። ያለ ደጋፊ ቁጭ ካለች ቆይታለች።

"ድምፁ የሱ አይደለም" አለችኝ። "አነጋገሩ ግን የሱ ነው። የት ነው ያለው?"

መዋሸት ነበረብኝ፤ ልቧ ደክሟል ተብሏል። ግን አንተም ታውቃታለህ፣ እሷን ማን ይዋሻል! መጽሐፉን አምጥቼ አነበብኩላት። የአፈሩን ነገር ስትሰማ ገላምጣኝ "ቆሎ ነው ያልሽኝ እኮ" አለች። ከዚያ መጽሐፉን ከእጄ ወስዳ ዘጋችው።

"አምጪልኝ" አለች።

"እማዬ፣ ልብሽ…"

"ልቤን ተይው። አልወቅሰውም። ምን እንዳጠፋሁ ብቻ ይንገረኝ። ምን በድዬው ነው ከእስር ቤት ወጥቶ ወደ ሌላ የዞረው? እሱን ሳልሰማ አልሞትም።"

በማግስቱ ጠዋት በሚኒባስ ገሱባ ወረድኩ። መንገዱ ያው እንደ ድሮው ነው፤ አጥንት ይቆጥራል። ቤቱን የማያውቅ የለም። "ያ ኢሳይያስ የሚሆነው ሰውዬ ቤት ነው?" አለችኝ አንዲት አቮካዶ የምትሸጥ ሴት። የሚሆነው ስትል ምን ማለቷ እንደሆነ አልገባኝም፤ ልጠይቃት ስል ዞር አለች።

ከእንሰቱ መሀል አንዲት ሴት እጇን በቀሚሷ እየጠረገች መጣች። አዛለች ትባላለች፤ የቤቱ ልጅ ናት፣ ዕድሜዋ ከእኔ ትንሽ ያንሳል። ሰላም ሳልላት "ሐመልማል ነሽ?" አለችኝ።

"በምን አወቅሽ?"

"ጠዋት አባቴ 'ሐሙ ዛሬ ትመጣለች፣ ወንበር አውጡ' አለ።"

ይድነቃቸው ደውሎ ነግሯቸው ይሆናል ብዬ በኋላ ጠየቅሁት። አልደወለም፤ መሄዴንም አያውቅም። እንዴት እንደሆነ እስከ ዛሬ አልገባኝም፤ እንዲገባኝም አልፈልግም።

ደጁ ላይ፣ ከዛፉ ጥላ ሥር ሁለት ወንበር ተቀምጧል። አንዱ ላይ ሰውየው ነበሩ። አባባ፣ አንተ አይደሉም። ያለችን አንዲት ፎቶህ ናት፤ ረጅም ነህ፣ አንገትህ እንደ ሰጎን ነው፣ የፊት ጥርስህ ፍንጭት ነው። እኚህ አጭር፣ ደንደን ያሉ፣ አንድ ዓይናቸው ነጭ የሆነባቸው ሰው ናቸው። እፎይ ልል ነው መሰለኝ አፌን ስከፍት ቀና ብለው አዩኝ።

"ሐሙ" አሉኝ፣ "ነይ እስቲ፣ አፍሽን አሳዪኝ።"

ከኪሳቸው መሐረብ አወጡ። ሄጄ አጠገባቸው ቁጢጥ አልኩ። ከንፈሬን ጠረጉልኝ፤ መጀመሪያ ዳር ዳሩን፣ ከዚያ አገጬን። "ምን በላሽ?" አሉኝ። "ቆሎ" አልኳቸው። አልሸሸሁም፣ አባባ። የማላውቀው ሰው እጅ ፊቴ ላይ ነው፣ ጸጉሬ ቆሟል፣ ግን እጁ ከፊቴ ሊለይ ነው ብዬ ፈራሁ። እንባዬ መጣ። ሳቁና "እንግዲህማ" አሉ።

ያኔ ፍየሏ የሆነ ነገር ገለበጠች። ዞር ብለው በወላይትኛ ጮኹባት፤ ፈጣን፣ ወፍራም፣ ሌላ ሰው ነው። ተመልሰው ሲያዩኝ አላወቁኝም። መሐረቡን እጃቸው ላይ ሲያዩት ደነገጡና ኪሳቸው ከተቱት። "ማናት ይህቺ ሴትዮ?" ብለው አዛለችን ጠየቋት።

አዛለች ወደ ጓሮ ወስዳ አስረዳችኝ። ስማቸው ኤርሳዶ ነው። ከአንተ ጋር አንድ ክፍል ታስረዋል። ያኔ ኤርሳዶ ተገደለ የሚል ወሬ ገሱባ ደርሶ ቤተሰቡ አልቅሶ፣ ተቀምጦ፣ ከሐዘን ከተነሳ በኋላ አንድ ቀን በእግራቸው እየሄዱ መጡ። የገዛ እናታቸው ሲያዩአቸው እንሰት ውስጥ ሮጠው ተደበቁ። ከእጃቸው ምግብ የማይቀበል ሰው ዛሬም አለ።

"ከዚያ ጊዜ ጀምሮ እንደዚህ ነው" አለችኝ። "አንዳንዴ ይመጣበታል። አባቴ አማርኛ ብዙ አይችልም፣ ሲመጣበት ግን እንደ ቢሮ ሰው ይናገራል። ጸበል ወስደነዋል፣ ጸሎት አስደርገናል። አሁን ለምደናል፤ ሲመጣ ኢሳይያስ እንለዋለን፣ ወንበር እንሰጠዋለን። ያ መጽሐፍ የሚጽፈው ልጅ ሲመጣ እሱ ሆኖ ነበር። እኛ ምን እንበል?"

"አባቴስ? አባቴ ምን ሆነ?"

"ጠይቀነዋል፣ እትዬ። አይናገርም። ብቻውን ሲሆን ያለቅሳል።"

እማዬ ያለችውን ነገርኳት፤ ምን እንዳጠፋች ሳትሰማ አልሞትም ማለቷን። አዛለች "እንሄዳለን" አለች። አጎቷን ብሩን አስከትላ በነጋታው አባቷን ይዛ ሶዶ መጣች።

እማዬ ያን ጠዋት ጸጉሯን አስጎነጎነችኝ። ጥልፍ ያለውን ቀሚሷን አልብሼ በትራስ አስደግፌ አስቀመጥኳት። ሙሽራ ትመስላለች ብዬ ልቀልድ ስል ዓይኗን አይቼ ተውኩት። አቶ ኤርሳዶ መኪና ውስጥ ዝም ብለው እንደመጡ አዛለች ነገረችኝ። ግቢያችንን ሲረግጡ ግን አረማመዳቸው ተቀየረ፤ እግራቸውን ዘርጋ ዘርጋ አደረጉ፣ እንደ ረጅም ሰው። የበሩን ጉበን ሲያልፉ ጎንበስ አሉ። በዚያ ቁመት ጎንበስ ማለት የሚያስፈልጋቸው ሰው አልነበሩም።

"ጽጌ" አሉ፣ "ይሄ መዝጊያ ዛሬም አልተሠራም?"

እማዬ ከእግር እስከ ራስ አየቻቸው። "ተቀመጥ" አለች።

ተቀመጡ። እማዬ መጠየቅ ጀመረች፤ እንደ ፖሊስ። በሠርጋቸው ቀን ዝናቡ ከየት በኩል እንደገባ ጠየቀች፤ ነገሯት። እናቷ ምን ብላ እንደመረቀቻቸው ጠየቀች፤ ነገሯት፣ በእናቷ ድምፅ እያስመሰሉ፣ እማዬ ሳትወድ ሳቀች። እኔ በሩ ጋ ቆሜ ሁለት ነገር ነው የሚሰማኝ፤ በአንድ በኩል ጀርባዬን ይቀዘቅዘኛል፣ በሌላ በኩል ደግሞ አባቴና እናቴ ሲጨዋወቱ ሰምቼ የማላውቅ ሰው ነኝና እንዳያልቅ እለምናለሁ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ማንም ይሁኑ፣ ይቀጥሉ ብዬ ነበር።

እማዬ ነጠላዋን አስተካከለች።

"የክርስትና ስምህ ማነው?" አለች።

አፋቸው ተከፈተ። ምንም አልወጣም። አንድ ነገር ሊያነሳ እንደሚፈልግ ሰው እጃቸው አየሩን ዳበሰ። ደህናው ዓይናቸው ወዲያ ወዲህ ሄደ፤ ትከሻቸው ወረደ፣ አጠሩ፣ ሸመገሉ። አዛለች እየሮጠች መጥታ ያዘቻቸው። በወላይትኛ አለቀሱ። ከዚያ በራሳቸው አማርኛ፣ ቃል በቃል እየፈለጉ ተናገሩ።

"እሱ አልነገረኝ። ሁሉ ነገረኝ፣ ይሄ ብቻ እምቢ አለ። 'ይሄ የጽጌ ነው፣ ካንተ ጋር አይወጣም' አለኝ።"

እማዬ ዓይኗን ጨፈነች። "አሁን አንተው ራስህ ንገረኝ" አለች። "የታለ ባሌ?"

እሳቸው በወላይትኛ፣ አዛለች በአማርኛ ነገሩን። አዛለችም ለመጀመሪያ ጊዜ ነው የምትሰማው፤ መሀል ላይ እየቆመች "ምን አልክ?" ትላቸው ነበር። እስር ቤት በሩ ከተዘጋ በኋላ ቤታችሁን ትለዋወጡ ነበር አሉ። አንተ ኤርሳዶ ትሆናለህ፤ ገሱባ ትወርዳለህ፣ ከብቱን ታስገባለህ፣ እናቱን ሰላም ትላለህ። እሳቸው ኢሳይያስ ይሆናሉ፤ ሶዶ ይገባሉ፣ መዝጊያው ሲጢጥ ይላል፣ ጽጌን ይጠራሉ፣ የልጅቷን አፍ ይጠርጋሉ። ከተሳሳቱ ከደጅ ይመለሱና እንደገና ይጀምራሉ። እንዲህ እንዲህ እያላችሁ ሁለታችሁም ሁለት ቤት ኖራችሁ።

"አንድ ጠዋት" አሉ፣ "ጠባቂዎቹ አዲስ ነበሩ። ፊት አያውቁም፣ ስም ብቻ ነው የሚያውቁት። በሩ ተከፈተና 'ኤርሳዶ!' ተባለ። ለምን እንደሚጠሩ ሁላችን እናውቃለን፤ የተጠራ አይመለስም። እግሬ እምቢ አለኝ። እሱ ተነሳ። 'አቤት' አለ፣ በኔ አነጋገር። የልብሱን ጫፍ ይዤ ነበር፤ በጉልበቱ እጄን ገፋና ወጣ።"

ከዚያ ወዲያ የቀረው ስምህ ብቻ ነው። ኢሳይያስ ሲባል እሳቸው አቤት አሉ። የእማዬ ስንቅ ለኢሳይያስ ሲገባ በሉት፤ ሰሃኑን አጥበው መለሱ። "ያን የሚያቃጥል ዳጣሽን በልቻለሁ" አሏት እያለቀሱ፣ "እየበላሁ ጉሮሮዬን ያንቀኝ ነበር፣ ግን በላሁ።" ኢሳይያስ ተፈታ ሲባል እሳቸው ፈርመው ወጡ። አንድ የገበያ ቀን እስከ ደጃችን መጥተዋል። እማዬ ጥቁር አለመልበሷን ሲያዩ አልሰማችም ማለት ነው ብለው ፈሩ። መርዶ ደግሞ አንድ ሰው ብቻውን አይናገርም፤ ሽማግሌ ይዞ፣ ጎረቤት ሰብስቦ፣ ማልዶ ነው። እሳቸው ማንን ይያዙ? ሽማግሌ ቢጠሩ "አንተ እንዴት ተረፍክ?" ይባላሉ፤ መልሱ ተመልሶ እስር ቤት የሚያስገባ ነው። ዞረው ሄዱ። መርዶውን ሆዳቸው ውስጥ ይዘው ኖሩ፤ ከመርዶው ጋር አንተንም።

"አንድ ነገር አላውቅም" አሉ መጨረሻ ላይ። "ጨዋታ ውስጥ ነበር ወይስ አውቆ ነው? ሰው ተሳስቶም ይነሳል። እስከ ዛሬ እጠይቀዋለሁ፣ አይመልስልኝም።"

 መልሱ እማዬ ጋ ነበር።

"ስማ" አለቻቸው። "ኢሳይያስ በመጀመሪያ ጥሪ አቤት ብሎ አያውቅም። ወጥ እስኪቀዘቅዝ ነበር የምጠራው። ጎረቤት እስኪስቅብኝ ነበር የምጠራው። በመጀመሪያው ከተነሳ አውቆ ነው።"

 ነጠላዋን ከትከሻዋ አወረደችና ጥለቱን ወደ ላይ አድርጋ፣ እንደ ሐዘንተኛ፣ ለበሰችው። "ሐመልማል" አለችኝ፣ "እድሩን ጥሪ። ድንኳን ይተከል። ባሌ ሞቷል።"

ከዚያም ጮኸች። አባባ፣ እንደዚያ ያለ ጩኸት ከእሷ ይወጣል ብዬ አልሜም አላውቅም። ጎረቤቱ ሁሉ አጥር ጥሶ ነው የገባው፤ እማዬ የሞተች መስሏቸው። ልቧ ይቆማል ብዬ ፈርቼ ነበር፤ የደከመው ልቧ ግን ያን ቀን ከእኔ ይልቅ ብርቱ ሆኖ ዋለ።

በሦስተኛው ቀን የገሱባ ሰዎች በአይሱዙ መጡ። ከመንገዱ ጫፍ ወርደው፣ ደረት እየመቱ፣ እየዞሩ፣ በወጉ እያለቀሱ ገቡ። የሚጠሩት ስም ግን ያንተ አይደለም። "ኤርሳዶ!" እያሉ ነው። ኤርሳዶ ድንኳኑ ውስጥ፣ ከእማዬ ቀጥሎ፣ አንገታቸውን ደፍተው ተቀምጠዋል፤ የገዛ ስማቸው እየተለቀሰበት፣ ደረት እየተመታበት ይሰማሉ። ሰው ሁሉ አንዴ አልቃሾቹን አንዴ እሳቸውን ያያል። እድርተኞቻችን ሊያስቆሟቸው ሲነሱ ወንድማቸው ብሩ እጁን አነሳ።

"ተዉ" አለ። "በዚህ ስም ነው የሞተልን። ያኔ ገሱባ ያለቀስነውም ለእሱ ነበር፤ አላወቅንም እንጂ። ሬሳ ሳይኖር ሙሉ ወጉን አድርሰንለታል። ዛሬ አውቀን እናለቅሳለን።"

እማዬ ራሷን ነቀነቀች፤ ልቅሶው ቀጠለ። እንግዲህ ስማኝ፤ እኛ ስንቀየምህ በነበረበት ዘመን ሁሉ አንተ ተለቅሰህ ነበር። የማታውቃት የገሱባ እናት ደረቷን ደልቃልሃለች።

ይድነቃቸው ይህን ሁሉ በስልክ ስነግረው ለሁለተኛው እትም ምን ብሎ እንደሚያርም ጠየቀኝ። ስሙን እንዳይነካ፣ ምስክርነቱንም እንዳይነካ ነገርኩት፤ ያንተው ነው። "ነዋሪነታቸው ገሱባ" የምትለውን ብቻ ያውጣ። አቶ ኤርሳዶ ደህና ናቸው። ከዚያ ቀን ወዲያ ያ አማርኛ አልመጣባቸውም። አንዴ ሱቄን ዘግቼ ገሱባ ሄጄ አጠገባቸው ተቀመጥኩ፤ ነውር ነው፣ ግን "ሐሙ" እንዲሉኝ ፈልጌ ነበር። በወላይትኛ ስለ ዝናቡ አጫወቱኝ።

ፍትሐቱ እሑድ ሆነ። እማዬን በወንበር ተሸክመን ቤተ ክርስቲያን አደረስናት። ቄሱ ጎንበስ ብለው የክርስትና ስምህን ጠየቋት። በጆሯቸው ትነግራቸዋለች ብዬ ነበር፤ እሷ ግን ቀና ብላ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ ጮክ ብላ ተናገረችው። እኔም ያን ጊዜ ገና ሰማሁት። እዚህ አልጽፈውም፤ አንተ እንዳስቀመጥከው ይቀመጥ።

ከዚያ ወዲህ ሊያስተዛዝን የሚመጣ ሰው ሁሉ "እግዚአብሔር ያጽናሽ" ሲላት እጁን ይዛ ወደ ራሷ ትስበዋለች። ለሽማግሌውም፣ ለሕፃኑም፣ ባንኮኒው ጋ መጽሐፍ ሊገዛ ለቆመውም የምትለው አንድ ነገር ብቻ ነው። "አልተወኝም እኮ" ትላለች። "አልተወኝም እኮ።"

በሰላም እረፍ፣ አባባ።

ልጅህ ሐመልማል ኢሳይያስ
ወላይታ ሶዶ